ጤና መድኑ «አይከፈልም» ሲላችሁ፦ ቅሬታችሁን ከመስኮቱ እስከ ቦርዱ ማድረስ

አክስቴ የምትኖረው ኮምቦልቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታማ ሆስፒታል ተኛች። እዚያ ያልተገኙ ሦስት መድኃኒቶችን ከውጭ ገዛንላት፣ ደረሰኛቸውን ሰብስበን ጤና መድን ቢሮ ወሰድን፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ገለባበጠና «እማማ፣ ይሄ አይከፈልም» አላት። እሷም «አላህ ያለው ይሆናል» ብላ ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች።

እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ለምን እንደማይከፈል በወረቀት ጻፍልን።» ሁሉም ነገር የጀመረው ከዚያች ወረቀት ነው። ሁለት ወር ገደማ ፈጀብን፣ ሁለት ጊዜ ቦርድ ፊት ቀረብን፣ በመጨረሻ ከሦስቱ መድኃኒቶች የሁለቱ ገንዘብ ተመለሰላት። በዚህ መሀል የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ነገሩ ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይያዝልኝ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ልመና አይደለም። በየዓመቱ መዋጮ ከፍላችሁ የገባችሁበት ማህበር ነው። በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀመር በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ተመርጠው ነበር፣ ከእነሱ አንዷ እዚሁ አጠገባችን ያለችው ተሁለደሬ ናት። ስለዚህ የእኛ አካባቢ ሰው ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። አሠራሩም አባላት የሚወከሉበት ጠቅላላ ጉባኤ አለው፣ ቦርድ አለው፣ ከቦርዱ ሥር ደግሞ የየቀኑን ሥራ የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ የመጨረሻው ሰው አይደለም። ከእሱ በላይ ውሳኔውን አይቶ ሊያስተካክል የሚችል አካል አለ። መዋጯቸው በመንግሥት የሚሸፈንላቸው አቅመ ደካሞችም አባል ናቸው፣ «አንተ በነፃ ነው የገባኸው» ተብሎ ቅሬታቸው የሚገፋበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ሥራው። በቃል የተባለ እምቢታ ላይ ይግባኝ ማለት በጣም ከባድ ነው። ነገ ሄዳችሁ «እንዲህ አላችሁኝ» ብትሉ «ማን አለህ?» ይሏችኋል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ሳትጨቃጨቁ፣ ድምፃችሁን ሳታነሱ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። እምቢ ካሉ እናንተው ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ በዚህ ቀን መጥቼ ይህን ጠይቄ አይከፈልም ተብያለሁ፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ሁለት ኮፒ አድርጉና መዝገብ ቤት ውሰዱት። አንዱ እዚያ ይቀራል፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ማህተም አስመትታችሁ ትይዛላችሁ። ያቺ የገቢ ቁጥር ያለባት ኮፒ ወርቅ ናት፣ ከዚያ በኋላ «አልመጣህም፣ ቀኑ አልፎብሃል» የሚላችሁ የለም። መዝገብ ቤቱም አልቀበልም ካለ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ (በተመዘገበ ደብዳቤ) ላኩት፣ የላካችሁበትን ደረሰኝ ያዙ።

በዚያው አፍ የመድኑን መተዳደሪያ ደንብና መመሪያ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ቅሬታ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚቀርብ፣ ለማን እንደሚቀርብ፣ ምን እንደሚሸፈንና እንደማይሸፈን የተጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ የጊዜ ገደቡን ከጎረቤት ሰምቶ ነው የሚሄደው፣ ጎረቤት ደግሞ የሚያወራው የራሱን ወረዳ ነው። «መመሪያው የውስጥ ነው» ከተባላችሁ አትሸበሩ። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን በትህትና አንድ ጊዜ ማንሳት ብዙ በር ይከፍታል። ፎቶ ለማንሳት አስፈቅዱና ገጹን በስልካችሁ ያዙ።

ምክንያቱ በወረቀት ሲመጣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ክርክራችሁ ከዚያ ምክንያት ጋር ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ማመልከቻ ሦስት ገጽ ነበር፣ አክስቴ ምን ያህል እንደተቸገረች፣ ባሏ እንደሞተባት፣ ልጇ ሥራ እንደሌለው ሁሉ ጻፍኩ። እውነት ነው ሁሉም። ቦርዱ ግን የሚወስነው በእሱ አይደለም። ደብዳቤያቸው ላይ ያለው ምክንያት አንድ መስመር ነበር፣ መልሱም አንድ ገጽ መሆን ነበረበት።

በብዛት የሚሰጡት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ሪፈር ነው። መድኑ የሚያዘው ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በሪፈር ወደ ሆስፒታል እንድትሄዱ ነው፣ ያለ ሪፈር በቀጥታ የሄደ ሰው ሽፋኑን በሙሉ ወይም በከፊል ሊያጣ ይችላል። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ሌሊት በአምቡላንስ ወይም በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ወረቀት እስኪያጽፍ አይጠበቅም። እዚህ ላይ ማስረጃችሁ የድንገተኛ ክፍሉ ካርድ ነው፣ የገባችሁበት ሰዓትና ሐኪሙ የጻፈው የመጀመሪያ ምርመራ ያለበት። እሱን ከካርድ ክፍል ኮፒ አስደርጉ። ሪፈሩ ኖሮ የጠፋ ከሆነ ደግሞ የላካችሁ ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ ይገኛል፣ የተቀበላችሁ ሆስፒታልም ላይዘን ክፍሉ (ሪፈር የሚቀበለውና የሚልከው ክፍል) ጋ ይኖራል።

ሁለተኛው ስም ነው። የመድን ደብተሩ ላይ የሌለ ልጅ፣ አንዱ ቦታ «መሐመድ» ሌላው ቦታ «ሙሀመድ» ተብሎ የተጻፈ አባት፣ ወይም 18 ዓመት አልፎት ለብቻው መዋጮ ይከፈልበታል የተባለ ወጣት። የፊደል ልዩነት ከሆነ ከቀበሌ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል ደብዳቤ ይበቃል። ሦስተኛው እድሳት ነው፣ መዋጮው ጊዜው ሳያልፍ መከፈሉን የሚያሳየው የክፍያ ደረሰኝ ነው እንጂ ደብተሩ ላይ የተመታ ማህተም ብቻ አይደለም፣ ሁለቱንም አቅርቡ።

አራተኛው «ይሄ ከጥቅም ማዕቀፉ ውጪ ነው»፣ ማለትም መድኑ ከሚሸፍናቸው ሕክምናዎች ውጪ ነው፣ የሚለው ነው። እዚህ ላይ ለራሳችሁ እውነቱን ንገሩ። ለመዋቢያ የሚደረግ ቀዶ ጥገና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከም አይሸፈኑም። በእነዚህ ላይ ሁለት ወር መመላለስ የታክሲ ብር ማቃጠል ነው። ክርክር የሚያዋጣው ሕክምናው የተሸፈነ ሆኖ ስያሜው በስህተት የተጻፈ ሲሆን ነው። ለምሳሌ በቃጠሎ የተጎዳ እጅ መታጠፍ እንዲችል የተሠራ ቀዶ ጥገና «ለውበት» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ያከመው ሐኪም ለምን እንዳስፈለገ ሁለት መስመር ይጻፍላችሁ። ቦርድ ፊት የሐኪም ሁለት መስመር ከእናንተ ሁለት ሰዓት ንግግር ይበልጣል።

አምስተኛው የእኛው ነው፣ ከውጭ የተገዛ መድኃኒት። መጀመሪያ የሚጠየቀው መድኃኒቱ ሆስፒታሉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ ሳትወጡ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፍ፣ ማህተም ይመታበት። ይህን በኋላ ማስጻፍ መከራ ነው። ቀጥሎ መድኑ ውል የገባበት መድኃኒት ቤት ካለ እዚያ ሂዱ። ደረሰኙ ላይ የታካሚው ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና መጠን ይኑር። አክስቴ ሦስተኛውን መድኃኒት ያጣችው በዚህ ነው። ማታ ተቻኩለን ከአንድ ቦታ ገዛን፣ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ሰጡን፣ ማህተም የለው፣ የግብር ከፋይ ቁጥር የለው። እሱን ቦርዱም አልተቀበለው፣ እኔም ልከራከርበት አልቻልኩም።

የሁለቱ ታሪክ ግን ሌላ ነው፣ ሁላችሁም ልታውቁት ይገባል። ማዘዣው በእጅ የተጻፈ ነው፣ ቀኑም በእኛ አቆጣጠር፦ 12/05/2017፣ ማለትም ጥር 12። የካሽ ማሽን ደረሰኝ ግን ቀን የሚያትመው በፈረንጅ ነው፦ 20/01/2025። ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው፣ የጥምቀት ማግስት። ወረቀቱን ያየው ሰው ግን ጃንዋሪን ጥር ብሎ ወሰደና «ጥር 12 የታዘዘ መድኃኒት ጥር 20 ተገዛ፣ በሽተኛዋ ደግሞ ጥር 16 ወጥታለች» ብሎ ጻፈ። በወረቀት ባንጠይቅ ኖሮ ይህን መቼም አናውቅም ነበር። ስለዚህ ደረሰኝ ስትይዙ ከሥሩ በእርሳስ የእኛን ቀን ጻፉበት። ሌላም አለ፣ የማሽን ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል። ኪስ ውስጥ ሁለት ወር የተቀመጠ ደረሰኝ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይወጣል። በገዛችሁበት ቀን ፎቶ አንሱት፣ ኮፒ አስደርጉት። እኛ ከተማ በ2014ቱ ጦርነት ሆስፒታልና ቢሮ ሲዘረፍ ስንት ፋይል እንደተበተነ ያየ ሰው፣ «እነሱ ጋ አለ» ብሎ የራሱን ኮፒ አይተውም።

ማመልከቻው እንግዲህ በአጭሩ ይሄን ይመስላል፣ ክፍት ቦታውን የራሳችሁን ሙሉበት፦

«ለ… ከተማ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ቦርድ። ጉዳዩ፦ የመድኃኒት ወጪዬ እንዳይተካ የተሰጠው ውሳኔ እንዲታረም ስለመጠየቅ። የመድን ቁጥሬ … ሲሆን የዓመቱን መዋጮ በ… ቀን ከፍያለሁ። ሆስፒታል ተኝቼ ስታከም ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የታዘዘልኝ መድኃኒት በሆስፒታሉ ፋርማሲ ስላልነበረ በዚያው ቀን ከውጭ ገዝቻለሁ። ጽሕፈት ቤቱ በቁጥር … በተጻፈ ደብዳቤ መድኃኒቱ የተገዛው ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ነው በማለት ከልክሎኛል። ደረሰኙ ላይ ያለው 20/01/2025 በእኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 2017 ስለሆነ ምክንያቱ ስህተት ነው። ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ … ብር እንዲተካልኝ፣ ቀርቤ እንድሰማ ቀን እንዲቆረጥልኝ፣ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። አባሪ … ገጽ።»

አያችሁ፣ ስድብ የለበትም፣ ለቅሶ የለበትም። ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳሉ፣ ለምን ስህተት እንደሆነ፣ ምን እንደምትፈልጉ። «ቀርቤ እንድሰማ» የሚለውን እንዳትረሱ፣ ካልጠየቃችሁ ወረቀቱን ብቻ አይተው ሊጨርሱት ይችላሉ። መጀመሪያ የምታስገቡት ግን፣ «ለቦርድ» የሚለውን ለውጣችሁ፣ ለራሱ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው፣ ብዙ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። እሱ ካላረመው ወደ ቦርዱ። ደረጃውን ዘላችሁ ላይ ከወጣችሁ «መጀመሪያ ታች ጨርስ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ ያኔ ጊዜው ያልፍባችኋል።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል አድርጋችሁ፣ ገጽ ቁጥር ሰጥታችሁ ሂዱ። ዋናውንም ኮፒውንም ያዙ፣ ዋናውን አሳዩ እንጂ አትስጡ። ታማሚው መምጣት ካልቻለ በስሙ የሚናገር ሰው ውክልና ይያዝ። ደብተሩ በአባወራው ወይም በእማወራዋ ስም ስለሆነ «አንተ ማነህ?» መባል አለ። ከሐርቡ፣ ከባቲ ወይም ከከሚሴ በኩል የመጣችሁና በኦሮምኛ ብትናገሩ የሚቀላችሁ ደግሞ አስተርጓሚ እንዲኖር አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ወይም የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ ኑ። በደንብ በማትችሉት ቋንቋ ስለ ራሳችሁ ሕመም መናገር አይገባችሁም።

ከመጀመራችሁ በፊት ማን ማን እንደተቀመጠ እዩ። መጀመሪያ የከለከላችሁ ሰው ከወሳኞቹ ጋር ከተቀመጠ ነገሩን በትህትና ተናገሩ፦ «ጌቶቼ፣ ውሳኔውን የሰጡት እሳቸው ስለሆኑ ማስረዳት ይችላሉ፣ ድምፅ ባይሰጡ ግን ደስ ይለኛል።» እኛ እንዲህ ስንል ሰብሳቢው ራሱ «ልክ ነው» ብሎ አወጣው። የሚከራከሯችሁ በሆነ ወረቀት ከሆነ፣ ለምሳሌ የሕክምና ኦዲት ያደረገው (የሕክምናውን ወረቀትና ወጪ የመረመረው) ባለሙያ የጻፈው አስተያየት ካለ፣ አሳዩኝ በሉ። ያላያችሁትን ወረቀት መመለስ አይቻልም። አሁኑኑ ማንበብ ካልቻላችሁ አጭር ቀጠሮ ጠይቁ። የእኛ ሁለተኛ ቀጠሮ የመጣው በዚህ ነው፣ የኦዲቱን ወረቀት ያሳዩን እዚያው ስብሰባው ላይ ነበርና ሰብሳቢው አንድ ሳምንት ሰጠን። በዚያ ሳምንት ሐኪሙን አግኝተን አጻፍነው።

ስትናገሩ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከውሳኔው ምክንያት ጀምሩ፣ ወረቀቱን በገጽ ቁጥር ጥሩ፣ ዝም በሉ። ጥያቄ ሲመጣ የማታውቁትን «አላውቅም» በሉ፣ ግምት አትጨምሩ። አክስቴ «ስንት ቀን ተኛሽ?» ስትባል «ወላሂ አላስታውስም፣ ካርዱ ላይ አለ» ነው ያለችው፣ ካርዱን አዩና አለፉ።

መጨረሻ ላይ ቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ ፈርሙ ይሏችኋል። ሳታነቡ አትፈርሙ። ማንበብ የማትችሉ ከሆነ የራሳችሁ ሰው ያንብብላችሁ እንጂ «ያው ያልሽው ነው የተጻፈው» በሚል ብቻ አሻራ አትስጡ። ያልተናገራችሁት ካለ «ይታረም» በሉ፣ አናርምም ካሉ ከፊርማችሁ ጎን ያልተስማማችሁበትን በአጭሩ ጻፉ። በኋላ ወደ ላይ ብትሄዱ ሌላው አካል የሚያየው ይህንኑ ቃለ ጉባኤ ነው፣ እዚያ ላይ የሌለ ነገር እንዳልተባለ ይቆጠራል።

ክርክሩ ላይ እያላችሁ ሁለት ነገር እንዳትበድሉ። መዋጮ የማሳደሻ ጊዜ ከደረሰ አድሱ። ተናዶ ሳያድስ የቀረ ሰው የቆየውን ገንዘብ ሲከራከር የአዲሱን ዓመት ሽፋን ያጣል፣ ጎረቤታችን ላይ ሆኗል። ደግሞም ሕክምናውን አታቋርጡ። ቀጠሮ ያላችሁ ሂዱ፣ መድኃኒቱን ውሰዱ፣ ደረሰኙን ያዙ።

ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጣችሁ፣ ምክንያቱና ቀኑ ያለበት። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሰውን ሰምተው፣ ምክንያት ጽፈው እንዲወስኑ ያስገድዳል። የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት የፌዴራል ስለሆነ ጉዳያችሁ እሱ ጋ ከደረሰ አዋጁን መጥቀስ ትችላላችሁ። የከተማው ጽሕፈት ቤት ግን የክልል ነው፣ እዚያ አዋጁን እየጠቀሱ ከመሟገት የራሳቸውን ደንብ መጥቀስ ይሻላል።

ቦርዱም ካልተቀበላችሁ በከተማ አስተዳደሩ ሥር ወዳለው የሕዝብ ቅሬታ ሰሚ መውሰድ ይቻላል። ከዚያም የእንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ በአዋጅ 211/1992 የተቋቋመው። አቤቱታ በነፃ ይቀበላል፣ በቃልም በጽሑፍም፣ ባህር ዳር ቅርንጫፍ አለው። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ግን «ታች ጨርሳችኋል ወይ?» ነው፣ ያኔ እነዚያን ማህተም ያረፈባቸውን ኮፒዎች ታወጣላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ሰጥቷችኋል፣ ለጥቂት ሺህ ብር ግን ድካሙን አስቡበት። ከመወሰናችሁ በፊት ፋይላችሁን ይዛችሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ጎራ በሉና ነፃ የሕግ ምክር ጠይቁ።

ገንዘቡ ሲፈቀድላችሁም «በሚቀጥለው ሳምንት» ተብላችሁ ባዶ እጃችሁን አትውጡ። የውሳኔውን ኮፒ ተቀበሉ፣ ክፍያውን የሚያዘጋጀው የትኛው ክፍል እንደሆነ ጠይቁ፣ ኮፒውን ራሳችሁ እዚያ አድርሱና እዚያም የገቢ ቁጥር አስጽፉ። አክስቴ ውሳኔው ከወጣ በኋላ 19 ቀን ጠብቃለች፣ ደብዳቤው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አልተላለፈም ነበር። ይዘነው ሄድን፣ በሦስተኛው ቀን ብሩ ገባ።